እህቴ በድራማው ላይ ስትናገር

እስከ ዛሬ ድረስ ያ ድራማ በተነሳ ቁጥር ቆሽቴ ያራል። ድራማው ራሱ ምንም አላደረገኝም። ከባሕር ማዶ መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ሀብታሞች በትልቅ ቤት ውስጥ ሲናከሱ የሚውሉበት ተከታታይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እንደሱ ያለ ሞልቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ እህቴ በዚያ ድራማ ላይ በመናገሯ የተፈረደባት ፍርድ ነው። ፈራጆቹ ዛሬም ሞጣ ውስጥ ተከብረው አሉ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ፤ እንዲህ ማለቴም ያናድደኛል።

እህቴና እኔ ያደግነው ብቸና ነው። እሷ ታላቄ ናት። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ አፏን መዝጋት አይሆንላትም። ሌባው በመስኮት ሲገባ «እነዚህ ሰዎች ውሻ የላቸውም እንዴ?» ትላለች። ልጅቱ ትራሷን አቅፋ ስታለቅስ «አይንሽን ጥረጊና ተነሺ፤ እሱ እንደሆነ ራቱን በልቶ ተኝቷል» ትላታለች። ሌላው ሰው ድራማ ያያል፤ እሷ ግን እነዚያን ሰዎች ጎረቤት ታደርጋቸዋለች፤ ታማቸዋለች፣ ትመክራቸዋለች፣ ታኮርፋቸዋለች። እውነቱን ለመናገር እኔ አብሬያት የምቀመጠው ድራማውን ለማየት ሳይሆን እሷን ለመስማት ነበር። አግብታ ሞጣ ስትሄድ ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቀረ፣ ወሬው ሄደ።

ባሏ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ሳቂታ ሰው ነው። መጀመሪያ ሳየው ወድጄው ነበር። ቤታቸው በእናቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ እናቱ ከፊት፣ እነሱ ከጓሮ። አማቷ ባላቸው በጊዜ የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሴት ናቸው። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አያዩም፤ የሰይጣን መስኮት ነው ይላሉ። እህቴ ግን ባሏ ከሱቅ ሲመለስ በሩን ገርበብ ታደርግና ድራማዋን ትከፍታለች።

እኔ በዚያ ጊዜ ብቸና ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገብቼ፣ ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። የማታ ትምህርት ስለጀመርኩ ድራማው በሚታይበት ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ። ማየት የምችለው ቅዳሜና እሁድ፣ የሳምንቱ ክፍሎች በድጋሚ ሲተላለፉ ነው። እህቴ መጀመሪያ ላይ እየደወለች ትነግረኝ ነበር፤ ካርዷ ግን ድራማው መሀል ላይ ካለው ጠብ አያልፍም። አንድ ቀን ታዲያ መላ አገኘች። የስልኳን ድምፅ መቅጃ ከፍታ አጠገቧ አስቀመጠችና፣ የመግቢያው ዘፈን ሲያልቅ ጀምራ እንዳመጣላት እየተናገረች ክፍሉን እስከ መጨረሻው አየችው። ሚሞሪዋን በሶፍት ጠቅልላ ወደ ብቸና ለሚመጣ ዘመድ ሰጠችልኝ። እኔም ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ስልኩን ተጫንኩት። እህቴ ከጎኔ ተቀመጠች።

ይህን ደስታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ማስታወቂያ ሲገባ «በይ አጥፊኝና ሽንኩርትሽን ክተፊ» ትላለች፤ አጠፋና እከትፋለሁ። ድራማው ሲመለስ እከፍታታለሁ። አንዳንዴ ማስታወቂያው ሳያልቅ ተቻኩዬ እከፍታታለሁና እሷ ትቀድመኛለች፤ ገና ያልመጣውን ሰውዬ ትሰድብልኛለች። ያን ጊዜ ብቻዬን እስቃለሁ። ሳቄን የሰሙ የግቢያችን ተከራዮች አንድ በአንድ መጡ። ከጥቂት ቅዳሜ በኋላ ክፍሌ ውስጥ መቀመጫ ጠፋ። ሴቶቹ «ያችን የሞጣዋን ክፈቺያት» ይሉኝ ጀመር፤ ያለሷ ድራማው ጨው የሌለው ሆነባቸው። ብሉቱዝ ላኪልን አሉኝ። እህቴን ጠየቅኳት። «ላኪላቸው እንጂ! እኔስ ምን ሊቀርብኝ?» አለች፣ ደስታዋ በስልክ እየተሰማኝ። ላክሁላቸው። ይህን የምናገረው ለመጸጸት አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን እልከው ነበር። ከፀጉር ቤት ወደ ልብስ ስፌት፣ ከዚያ ወደ ሹፌሮች አለፈ። እህቴም ነገሩ ሲገባት «እናንተ የብቸና ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?» ብላ መጀመር አመጣች።

አሁን ስለ አነጋገሯ አንድ ነገር ልበል፤ መከራው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። እህቴ በድራማው ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ስማቸው ለምላስ ስለሚያስቸግር ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ በሥርዓት ያደገች ምራት የባሏን ወገኖች ስም አትጠራም። እህቴ አማቷን «እማማ» ከማለት በቀር በስማቸው ስታነሳቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ባሏን እንኳ ለሰው ስታወራ «ሰውዬው» ነው የምትለው። ይህ ልማዷ አብሯት ድራማው ውስጥ ገባ። የዚያች የባሕር ማዶ ሙሽራ አማት «አማትየዋ» ሆነች። ባልየው «ሰውዬው» ሆነ። የባልየው ታላቅ ወንድም «ታላቅየው»፣ እህቲቱ «ምላሳሟ» ተባሉ። ምስሉ ፊት ለፊታችን ስለነበር ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ማንም ተቸግሮ አያውቅም።

አንድ ሰሞን የእህቴ አማት ለለቅሶ ብቸና መጥተው ነበር። ሲመለሱ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሹፌሩ የእህቴን ድምፅ ከሚስቱ ስልክ ገልብጦ በፍላሽ ይዞታል፤ ደብረ ወርቅን እንዳለፉ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ለቀቀው። የሆነውን በኋላ የነገረችኝ አብራ የነበረች አንዲት የብቸና ሴት ናት። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ይህ ነበር፤

«ይኸው አማትየዋ መጣች። እዩልኝ፣ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ኩሽና! ድስቱን ልትከፍት ነው። ከፈተችው! ምን ጠፍቶባት ነው? ልጄ ተራበ ብላ ነው? ጎረምሳ እኮ ነው፣ ጡት ልታጠባው ነው እንዴ! እሱም ሰውዬው፣ አንድ ቀን ‹እናቴ ሆይ፣ ይህ የሚስቴ ቤት ነው› ለማለት ምላሱን ምን እንደያዘው እንጃ።»

በድራማው ውስጥ ሴትዮዋ ያደረገችው ሻርፕ ነው፤ እህቴ ነጠላ አለችው፤ ለኛ ነጠላ ነውና። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ከአሮጊቷ ጎን የተቀመጠች ሴት «በማርያም፣ ይህች ደግሞ ምን ዓይነት አማት ናት!» አለቻቸው። እሳቸው የምራታቸውን ድምፅ ለይተውታል። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ እስከ ሞጣ ድረስ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። ለዚያ መንገድ አዝንላቸዋለሁ። በማያውቁት ሕዝብ መካከል የቤታቸው ጉዳይ የተዘከዘከ መስሏቸዋል። ለሳቸው ያዘንኩት እዚያች ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልምራቸውም።

አልምራቸውም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። እሳቸው ቤት ገብተው እህቴን «ልጄ፣ ይህ ነገር ምንድነው?» ብለው አልጠየቋትም። ቢጠይቁ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ታሳያቸውና ጉዳዩ በዚያው ያልቅ ነበር። በቀጥታ ወደ ታላቅ ልጃቸው ሄደው አለቀሱ። ታላቅ ልጃቸው ድምፁን ከሹፌሩ አስገልብጦ ለእህቶቹ አሰማ። «ምላሳሟ» የተባለችው የትኛዋ እንደሆነች እህትማማቾቹ እርስ በርሳቸው ሊጣሉ ደረሱ ሲባል ሰምቻለሁ። ማንም ምንም ሳይላት እህቴ ለሳምንት ያህል ግቢው ውስጥ ሰላምታ ተነፈገች። ከዚያ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ ተነገራት። ስልኳን አንስታ «ነዪልኝ» አለችኝ። እማማ «ምራቴ ካልታረመች ከግቢዬ ትውጣ» እንዳሉ የነገረችኝ ስደርስ ነው። ሁለተኛ ልጇን በሆዷ ይዛ ነበር።

ሽምግልናው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአማቷ ሳሎን ተደረገ። ሽማግሌዎቹ የቤቱ የንስሐ አባት፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር እና አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩ። አማቷ ከግድግዳው ስር፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው። እህቴ በበሩ በኩል፣ እኔ ከጎኗ። ባሏ በሁለቱ መካከል ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ከማን ጋር እንደሆነ ከአቀማመጡ አይታወቅም።

ታላቅ ልጃቸው፣ የኛው ታላቅየው፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ከፈተው። የእህቴ ድምፅ በዚያ ፀጥ ባለ ሳሎን ውስጥ ያለ ምስል፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ድራማ ሲሰማ እኔንም አስደነገጠኝ። የአንዲት ተራ የሞጣ ሴት ብሶት ይመስላል። የንስሐ አባቱ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ድምፁ ያንቺ ነው?»

«አዎ አባቴ፣ የኔ ነው። ግን የተናገርኩት ስለ ድራማ ነው። ስለ እማማ አይደለም።»

«ድራማ ከሆነ ሰዎቹ ስም የላቸውም?» አለ የእህል ነጋዴው። «አማትየዋ ትያለሽ፣ ሰውዬው ትያለሽ። ይቺው አማትሽ፣ ይኸው ባልሽ።»

የአማትና የባል ስም መጥራት ነውር ነው ብለው እህቴን ያሳደጓት እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አሁን ደግሞ ስም ባለመጥራቷ ይከሷታል። ጨዋነቷን ማስረጃ አደረጉባት። እኔ መታገስ አቃተኝ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ዛሬ እሁድ ነው፤ ድጋሚው አሁን እየታየ ነው። ጓሮ ቴሌቪዥን አለ። እንሂድና አብረን እንየው። ያቺን አማትና ያንን ሰውዬ በአይናችሁ ታያላችሁ።»

«እኛ ለዕርቅ እንጂ ድራማ ለማየት አልመጣንም» አሉ የንስሐ አባቱ።

«የማታዩትን ነገር እንዴት ትፈርዱበታላችሁ?»

«አንቺ ልጅ!» አለ ታላቅየው። አማቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ቴሌቪዥኑ ከተቀመጥንበት ሃምሳ እርምጃ አይርቅም ነበር፤ አንዳቸውም አልተነሱም።

ስልኩ ግን እየተናገረ ነው። እኔ ያንን ክፍል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሴቶቹ ጋር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምን እንደሚመጣም አውቃለሁ። የባሏ ሳቅ ይመጣል፤ አማቷ በመኪናው ጫጫታ መካከል አልለዩትም፣ ልጆቻቸውም ድስቱ ላይ ሲደርሱ ይዘጉት ነበር መሰለኝ። ሁልጊዜ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር የሚያየው፤ አንዳንዴም ጣልቃ ይገባል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከት ብሎ ይስቅና «እኔ ብሆን ይህችን ሴትዮ ሻንጣዋን አስይዤ ነበር የማስወጣት» ይላል። ልክ ነበር፤ ሴትዮዋ የማትረባ ነበረች። ያ ሳቅ ቢሰማ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ወይ ልጃቸውም እናቱን ሰድቧል፤ ወይ ሁለቱም ድራማ ያዩ ነበር። ሦስተኛ የለውም።

«እስከ መጨረሻው ይሰማ» አልኩ። «እባካችሁ አይዘጋ።»

ባሏ አየኝ። እሱም ክፍሉን ያውቀዋል። ከአግዳሚው ተነሳ፣ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ዘጋውና «ይበቃል አባቶቼ፤ እናቴን ደጋግሞ ማቁሰል ምን ያደርጋል?» አለ።

ሽማግሌዎቹ አመሰገኑት። አስተዋይ ልጅ ነው ተባለ። አፌን ከፍቼ «እሱ ራሱ እኮ...» እንዳልኩ እህቴ ጭኔን በኃይል ጨበጠችኝ። «ተይ» አለችኝ በሹክሹክታ። ዞር ብዬ አየኋት። አይኗ ደርቋል። ባሏን በናቱ ፊት ላለማዋረድ ራሷን ልታዋርድ ቆርጣለች። ተውኩት። ያን ዕለት ዝም ያልኩት ስለለመነችኝ ነው፤ ነገሩ ግን ውስጤ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ፍርዱ አጭር ነበር። አማቷን ይቅርታ ትጠይቅ፤ ከእንግዲህ ድምፅዋን በስልክ እንዳትቀዳ፤ የተበተነውም እንዲጠፋ ትናገር። እህቴ ተነሳች። ሆዷ ገፍቷል፤ ጎንበስ ማለት ያስቸግራታል። የአማቷን ጉልበት ስማ «ማሩኝ» አለች። «ምሬሻለሁ ልጄ፣ ተነሺ» አሏት፤ ደግፈውም አነሷት። ሁሉም «ተመስገን» አለ። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ምሳውን የሠራችው እህቴ ናት። እኔ አልበላሁም፤ ሆዴን አሞኛል አልኩ።

እጅ ለመታጠብ ወደ ውጭ ስወጣ ጡረተኛው መምህር ተከተሉኝ። ዙሪያውን ቃኘት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገሩ እኮ ገብቶኛል» አሉኝ። «ያን ድራማ ባለቤቴ አንድም ቀን አያመልጣትም። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ክፉ ናት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ዕርቅ እንዳይፈርስ ነዋ! እሳቸው ተቆጥተው ነበር፤ አሁን በርደዋል። ቤቱ ሰላም ሆነ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ምን እንደምፈልግ ልንገራቸው ብዬ ጀመርኩ፣ ትልቅ ሰው ናቸውና መልሼ ተውኩት። የገረመኝ የማያውቅ ሰው መፍረዱ አይደለም። እያወቁ ፈረዱ፤ ከዚያም ጥሩ ሥራ ሠርተን ዋልን ብለው እጃቸውን ታጠቡ። የአንድ ቤት ሰላም የአንዲት ሴት አፍ ተዘግቶ የሚመጣ ከሆነ ርካሽ ሰላም ነው። ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ሌላውን ጥያቄ አልጠየቀም። አማቷ ሲሰሙት እኔ ነኝ ብለው ወዲያው ያመኑት ለምንድነው? ድስት ስለሚከፍቱ ነዋ። በየቀኑ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ ይከፍታሉ። እህቴ ስለዚህ ነገር ለኔ እንኳ አማርራ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ቦርሳዬን ይዞ መናኸሪያ ሸኘኝ። ሚኒባሱ አጠገብ ስንደርስ ዞርኩበት።

«ለምን ዘጋኸው?»

«ታውቂያለሽ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«አላውቅም። አንዲት ቃል ነበረች። ‹ድራማ ነው፤ እኔም አብሬ አይቻለሁ› ማለት።»

«እናቴ እኮ ናት። ምን ላድርግ? እሷ ትችለዋለች፤ እናቴ ግን አትችለውም። ደግሞ ነገ ሁሉም ይረሳዋል።»

«እሷ ትችለዋለች» ያላት ነገር ከሁሉ ይልቅ አበሸቀችኝ። የቻለ ሰው ሁልጊዜ የሚጫንበት ይጨመርለታል። ቦርሳዬን ከእጁ ነጥቄ ገባሁ። መንጠቅ የፈለግሁት እህቴን እንጂ ቦርሳውን አልነበረም።

ብቸና ስመለስ ሴቶቹ ቅዳሜ መጥተው «የሞጣዋስ?» አሉኝ። ቀረች አልኳቸው። አንዷ «ታወቀችና ኮራች» አለች። እሷንም አስወጥቼ በሩን ልዘጋባት ምንም አልቀረኝም። ለጥቂት ሳምንት ያለ እህቴ አየነው፤ ከዚያ አንድ በአንድ መምጣት አቆሙ። እኔም ቅዳሜ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።

እህቴ ከወለደች በኋላ ለክርስትናው ሞጣ ሄድኩ። ገና ምሽቱ ሳይገፋ ጓሮ ቤት ተቀምጠናል። ሕፃኑ ተኝቷል፣ ትልቁ ልጅ አያቱ ጋር ነው። ባሏ ከሱቅ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ድራማው አላለቀም ነበር፤ እንዲያውም ሰውዬው ሚስቱን ትቶ ሌላ ሊያገባ ነው። እህቴ የሕፃኑን ልብስ እያጠፈች ታያለች። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ክፉዋ አማት ከደረጃው ወርዳ ሙሽራይቱን በጥፊ አጮለቻት። እህቴ አንዱን ልብስ አጥፋ ሌላውን አነሳች። እኔ ጠበቅኳት፤ ምንም አልወጣትም። የከለከሏት ቀረጻውን ነበር፤ እሷ ግን ከመናገሩም ወጣች።

ባሏ ወንበሩ ላይ ተገላበጠ። ወደሷ ዞረ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፣ እንደገና ወደሷ ዞረ። በመጨረሻ፣ እንደ ተበደለ ሰው፣

«ምነው እንዲህ ሆንሽ?» አላት። «እስቲ አንድ ነገር በይ እንጂ። አንቺ ካልተናገርሽበት እኮ ድራማው አይጥመኝም።»

እህቴ ቀና ብላ አላየችውም። እጇን ዘርግታ ሪሞቱን አነሳችና ድምፁን ጨመረችለት።